ማናወጥና ማስከን፡- ድሪፐር ከጀበና ምን ይማራል?

ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ወጣ ሲሉ፣ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሠፈር ሁሉ፣ ረከቦት ዘርግተው ጀበና የጣዱ ሴቶች ይገኛሉ፡፡ ከዚያ ወደ ቦሌ መሐል ሲዘልቁ ደግሞ በአንዳንድ ካፌዎች ውስጥ አንድ ወጣት በአፈ ቀጭን ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውኃ በሾጣጣ ማጣሪያ ላይ እያዞረ ሲያፈስ፣ በመሐል ቆም እያለ ሚዛንና ሰዓት ሲመለከት ይታያል፡፡ አፈላሉ ፑር ኦቨር፣ ዕቃው ድሪፐር ይባላል፡፡ ብዙዎቻችን «ለአንድ ስኒ ቡና ይህ ሁሉ ጣጣ?» ብለን እናልፋለን፡፡

ጣጣው ግን ምክንያት አለው፡፡ ከአንድ ከረጢት የወጣና በአንድ መፍጫ የተፈጨ የይርጋጨፌ ቡና በአንዱ ሰው እጅ የአበባና የሎሚ ቃና ሲኖረው፣ በሌላው እጅ አፍ የሚያደርቅ መራራ ይሆናል፡፡ ቡናው ያው ነው፣ ውኃውም ያው ነው፡፡ የተለየው ውኃው ቡናውን ያናወጠበት መጠን ነው፡፡ የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ ማናወጥ ነው፡፡

ዕቃው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1908 ሜሊታ ቤንትዝ የተባለች የጀርመኗ ድሬስደን የቤት እመቤት ከስኒው ሥር የሚቀረው አተላ ቢያስመርራት፣ የነሐስ ዕቃ በሚስማር በስታ በላዩ ከልጇ ደብተር የወሰደችውን ቀለም መምጠጫ ወረቀት አደረገችበት፡፡ በዚያው ዓመት የባለቤትነት መብት አስመዘገበች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1941 ፒተር ሽሉምቦም የተባለ ጀርመን ተወላጅ ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ ኬሜክስ የሚባለውን የመስተዋት ዕቃ ሠራ፡፡ ዛሬ በየካፌው በብዛት የሚታየው ቪ60 ደግሞ ሐሪዮ የተባለው የጃፓን የመስተዋት ኩባንያ ሥራ ነው፡፡ ስሙ የመጣው ከቅርፁና ከ60 ዲግሪ ማዕዘኑ ነው፡፡ ከታች አንድ ሰፊ ቀዳዳ ብቻ ስላለው ዕቃው ራሱ ውኃውን አይዘውም፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት የአፈጫጩ ልክና የአፍላዪው እጅ ናቸው፡፡ ስለዚህም ነው ለሚችልበት ታዛዥ፣ ለማይችልበት ደግሞ አስቸጋሪ ዕቃ የሆነው፡፡

ማናወጥ ምን ይሠራል?

ከተቆላ ቡና ክብደት ውስጥ በውኃ ሊሟሟ የሚችለው 30 በመቶ ገደማ ነው፡፡ በባለሙያዎች ዘንድ ጥሩ የሚባለው ከ18 እስከ 22 በመቶ የሚሆነው ሲወጣ ነው፡፡ ከዚያ ካነሰ ስኒው ሆምጣጣና ውኃ ውኃ የሚል ይሆናል፤ ካለፈ ደግሞ ይመርራል፡፡

እያንዳንዷ የቡና ቅንጣት በዙሪያዋ ያለው ውኃ ከእሷ በወጣው ነገር ሲጠግብ ሌላ መልቀቅ ትቀንሳለች፡፡ ውኃው ሲናወጥ የጠገበው ሄዶ አዲሱ ይተካል፤ ደርቀው የተጓጎሉትም ይፈታሉ፡፡ ስለዚህ ማናወጥ በራሱ ጥፋት አይደለም፡፡ ጭራሽ ያልተናወጠ ቡና ውስጥ ውኃው የቀለለውን መንገድ መርጦ በአንድ ቦታ ሰርስሮ ያልፍና ሌላው ሳይነካ ይቀራል፡፡

ጉዳቱ ሲበዛ ነው፡፡ ማንኛውም መፍጫ ከተፈለገው መጠን ጋር ደቃቅ ብናኝም ያወጣል፡፡ ውኃው ከመጠን በላይ ሲናወጥ ይህ ብናኝ ከትልልቆቹ ቅንጣቶች መሐል ሾልኮ ወረቀቱ ላይ ይለጠፍና የወረቀቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፡፡ በ3 ደቂቃ መውረድ የነበረበት ውኃ 5 ደቂቃ ይቆማል፤ መራራው ይወጣል፡፡

ማናወጫ መንገዶቹ ጥቂት ናቸው፡፡ የማንቆርቆሪያው ከፍታ፣ የውኃው ጉልበት፣ ውኃው ስንት ጊዜ ተከፋፍሎ እንደሚፈስ፣ ማንኪያ፣ እንዲሁም ድሪፐሩን ይዞ በክብ ማዞር፡፡ በ2016 እ.ኤ.አ. ደብሊን ላይ የዓለም የቡና አፍላዮች ውድድርን ያሸነፈው ጃፓናዊው ቴትሱ ካሱያ 20 ግራም ሻካራ አድርጎ የተፈጨ ቡና በ300 ግራም ውኃ ያፈላው፣ ውኃውን በአምስት እኩል ዙር ከፍሎ በማፍሰስ ነበር፡፡ ዙሩ በበዛ ቁጥር ማናወጡም ይበዛል፤ የአፈጫጩ መሻከር ያንን ይሸከምለታል፡፡ በ2025 እ.ኤ.አ. የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ደግሞ ከከፍታ የሚወርድ፣ ያልተቆራረጠ የውኃ ክር የቡናውን ንጣፍ እየናደ ስለሚያደባልቀው፣ በአነስተኛ ቡና ያንኑ ጥንካሬ ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል፡፡ ክሩ ተበጥሶ ጠብታ ከሆነ ግን ያ ጉልበት ይጠፋል፡፡

የእኛ ቡናና የእኛ ከፍታ

የሕግ ሰው አስገዳጅ ድንጋጌንና ፈቃጅ ድንጋጌን ለይቶ ማንበብ ይማራል፡፡ በየመጻሕፍቱና በየቪዲዮው የሚሰጡት የቡና መመሪያዎች ግን ሁሉም አስገዳጅ መስለው ነው የሚቀርቡት፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ሕግ ከአገር ልማድ ጋር እስኪስማማ ስንት ክርክር እንደሚያስነሳ እናውቃለን፡፡ ከውጭ የመጣ የቡና መመሪያም እንዲሁ ነው፡፡ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሁለት እንቅፋት ያጋጥመዋል፡፡

አንደኛው ከፍታ ነው፡፡ ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፡፡ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፡፡ መመሪያዎቹ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ይላሉ፤ ብዙዎቹም «ውኃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ይብረድ» ይላሉ፡፡ ይህ ለጠረፍ ከተማ ሰው የተጻፈ ነው፡፡ እዚህ ውኃውን አብርዶ የሚያፈላ ሰው ከልኩ በታች ወርዶ ይጀምራል፡፡

ሁለተኛው ቡናው ራሱ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ቡና ማጣሪያ ይደፍናል የሚለው አባባል በውጭ አገር አፍላዮች ዘንድ የተለመደ ነው፡፡ በከፍታ ላይ የሚበቅለው ቡናችን ፍሬው ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ከአንድ ማሳ የሚለቀመውም ብዙ ዓይነት ዘርና መጠን የተቀላቀለበት ነው፡፡ ሲፈጭ ብናኙ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ፡፡

እንግዲህ ሁለቱ እንቅፋቶች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትቱናል፡፡ የሙቀቱ ማነስ «አልመህ ፍጭ፣ አብዝተህ አናውጥ» ይላል፡፡ የብናኙ መብዛት «አሻክረህ ፍጭ፣ አትነካካው» ይላል፡፡ ፍርዱ ምን ይሁን?

ጀበና የሚያውቀው

መልሱ ከረከቦቱ ፊት ነው፡፡ ጀበና አፍላዪዋ መጀመሪያ ቡናውን አፍልታ ታገነፍለዋለች፤ በዚያ ሰዓት መናወጡን አትፈራም፡፡ ከእሳት ካወረደችው በኋላ ግን ጀበናውን ማቶት ላይ ዘንበል አድርጋ ታስከነዋለች፡፡ ስትቀዳም እጇ አይናወጥም፤ ከተናወጠ አተላው ተከትሎ ይወርዳል፡፡ ሳይሰክን የተቀዳ አቦል የቤቱን ባልትና ያስወቅሳል፡፡ ደንቡ አጭር ነው፤ ማናወጥ መጀመሪያ፣ ማስከን በኋላ፡፡

ለድሪፐርም ይኸው ይሠራል፡፡ መጀመሪያ ላይ ገና የሚሟሟው ብዙ ስለሆነና ወረቀቱ ንጹሕ ስለሆነ መናወጡ ይጠቅማል፡፡ መጨረሻ ላይ ግን ጥሩ ጥሩው ወጥቶ አልቋል፤ የሚቀሰቀሰው ብናኝና ምሬት ብቻ ነው፡፡

በቤት ወይም በቢሮ ለሚሞክር ሰው እንዲህ ላስቀምጠው፡፡ 15 ግራም ቡና፣ 250 ግራም ውኃ ይያዝ፡፡ አፈጫጩ እንደ ሻካራ ጨው ይሁን፤ በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ለጀበና እንጂ ለወረቀት አይሆንም፤ ልሙ ይበዛል፡፡ ወረቀቱና ድሪፐሩ በፈላ ውኃ ይታጠቡ፤ ቀዝቃዛ ሸክላ ያለችንን ጥቂት ሙቀት ይሰርቃል፡፡ ከምድጃ በወረደ ውኃ መጀመሪያ 45 ግራም አፍስሰው ደረቅ ቦታ እንዳይቀር በማንኪያ ቀስ ብለው ያማስሉት፤ ጋዙ እስኪወጣ 40 ሰኮንድ ይጠብቁ፡፡ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው፣ ክሩ ሳይበጠስ እያዞሩ እስከ 150 ግራም ያድርሱት፡፡ የቀረውን 100 ግራም ግን ማንቆርቆሪያውን ዝቅ አድርገው በዝግታ ያፍስሱ፡፡ በመጨረሻ ድሪፐሩን አንዴ ብቻ በቀስታ ያዙሩትና ይተዉት፡፡

3 ደቂቃ አካባቢ ካለቀና ንጣፉ ሜዳ ሆኖ ከቀረ መልካም ነው፡፡ 4 ደቂቃ አልፎ በላዩ ጭቃ የመሰለ ነገር ከታየና ስኒው አፍ ካደረቀ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አፈጫጩን ሳይነኩ የመጨረሻውን ዙር ያረጋጉ፡፡ 2 ደቂቃ ላይ አልቆ ከሆመጠጠ፣ የመጀመሪያውን ማማሰል ይጨምሩ፡፡ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፡፡ ሁለት ነገር የለወጠ ሰው ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ማስረጃ አይኖረውም፡፡

ለምን ግድ ይለናል?

በ2005 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የይርጋጨፌ፣ የሐረርና የሲዳሞን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ከስታርባክስ ጋር ብዙ ካወዛገበ በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ተደረሰ፡፡ በ2020 እ.ኤ.አ. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦቭ ኤክሰለንስ ውድድር ያሸነፈው የሲዳማው ንጉሤ ገመዳ ቡና አንዱ ፓውንድ በ407 ዶላር ተሸጧል፡፡ ስሙንም ዋጋውንም የሚያጸናው ግን ጠጪው በመጨረሻ በስኒው ውስጥ የሚያገኘው ነው፡፡ ተናውጦ ከተበላሸ ጠጪው «ይርጋጨፌ መራራ ነው» ይላል እንጂ «እጄ ከበደ» አይልም፡፡ ቡናችንን የሚሸጡ ሰዎች ከከረጢቱ ጋር የአፈላል ምክርም ቢልኩ፣ ምክሩ ከእኛው ልምድ ቢቀዳ፣ ስሙን ከምዝገባ ወረቀት ባሻገር ይጠብቁታል፡፡

ወደ ቦሌ ለሚ ልመለስና ልጨርስ፡፡ በገበያ የማየው የማጣሪያ ወረቀት ከውጭ የመጣ ነው፤ ተጠቅመው ይጥሉታል፡፡ ጃፓኖች ግን በጥጥ ጨርቅም ያጣራሉ፤ ኮስታሪካዎችም ቾሬአዶር በሚሉት የእንጨት መቆሚያ ላይ የጨርቅ ከረጢት አንጠልጥለው ያፈላሉ፡፡ ጨርቅ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው ቦሌ ለሚ ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ፓርክ ነው፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. አገራችን ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትወጣ የአንድ ገበያ ጥገኛ መሆን ምን እንደሚያስከትል አይቷል፡፡ ሸሚዝ ለሚሰፋ መኪና የቡና ማጣሪያ ከረጢት መስፋት የሚከብድ አይመስለኝም፡፡ ቡናው የእኛ፣ ጥጡም ከእኛ ሊሆን የሚችል፣ የማስከን ጥበቡም በበሩ ደጃፍ ያለ ነው፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡