በላሙ ውሃ ላይ የዋለች ባለ ሸራ ጀልባ



በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ጠረፍ የምትገኘው ጥንታዊቷ የላሙ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በጠባብ መንገዶቿ ዕቃ የሚመላለሰው በአህያ ነው። ከከተማዋ ሲወጡ ግን መንገዱ ውሃ ነው። እኔና የአሥራ አራት ዓመት ልጄ በባለ ሸራ ጀልባ ወደ ታክዋ ለመሄድ ተስማማን። ታክዋ በጎረቤቷ በማንዳ ደሴት ላይ ፈርሶ የቀረ የሙስሊሞች ከተማ ነው።

የጀልባዋ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ካፒቴንን በስዋሂሊ «ናሆዛ» ይሉታል። ቀጠሮ ስንይዝ መጀመሪያ የጠየቁን «ዛሬ የረጀብ ስንት ነው?» ብለው ነበር። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። እውነቱን ለመናገር እኛ ቤት የሂጅራው ቀን የሚቆጠረው ረመዳን ሲቃረብ ብቻ ነው። እሳቸው ግን የባሕሩን መሙላትና መጉደል የሚያውቁት በጨረቃ ነው። ወሩ ሲገባና በ15 ግድም ውሃው በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይጎድላል፤ ልዩነቱ ሦስት ሜትር ያህል ነው። በ8 እና በ22 ግድም ደግሞ ይደክማል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ በየዕለቱም ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

«ነገ 19 ነው። ውሃው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይሞላል። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ከታክዋ መውጣት አለብን» አሉ። አንድ ሰዓት ያሉት የኛኑ አንድ ሰዓት ነው። ስዋሂሊዎችም እንደኛ ሰዓቱን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ ስለዚህ አልገባኝም ነበር ለማለት ምክንያት የለኝም።

ሱብሒ ሰግደን ተነሳን። ጀልባዋ አንድ ሦስት ማዕዘን ሸራ አላት፤ ሸራው የተሰቀለው ከምሰሶው ጋር አግድም በታሰረ ረጅም እንጨት ላይ ነው። ወቅቱ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው የ«ካስካዚ» ነፋስ ነበር። የዐረብ ነጋዴዎች መርከብ በዚህ ነፋስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርድ ነበር፤ ከደቡብ የሚነሳው «ኩሲ» ሲመጣ ይመለሳል። እኛ ነፋሱን ፊት ለፊት ስለገጠምነው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየታጠፍን ነበር የምንሄደው። በታጠፍን ቁጥር የናሆዛው ልጅ የአሸዋ ከረጢቶቹን ነፋስ ወደሚመጣበት ጎን ያሻግራል፤ አለበለዚያ ጀልባዋ ትጋደማለች። ሦስተኛው ላይ የኔም ልጅ አብሮት መሸከም ጀመረ።

ወደ ታክዋ የሚያስገባው የውሃ መንገድ ግራና ቀኙ ማንግሮቭ ነው። ሥሩ ጨዋማ ጭቃ ውስጥ የቆመው የዚህ ዛፍ አጣና ወደ ዐረብ አገር ሲጫን ኖሯል። በዚህ ጠረፍ የድሮ የድንጋይ ቤቶች ክፍል ጠባብ የሆነውም ጣሪያውን የሚሸከመው አጣና ከዚያ ስለማይረዝም ነው።

ታክዋ በ1500 እ.ኤ.አ. ግድም ተቆርቁሮ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተለቀቀ ከተማ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ሆኖባቸው ነው የሚሉ አሉ። መስጂዱ ጣሪያ የለውም፤ በቂብላው ግድግዳ ላይ ግን አንድ ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሟል። ቂብላው እንደ አዲስ አበባው ወደ ሰሜን ነው። እዚያ ቆሜ ሰዓቱን ረሳሁት። ልጄ ሁለት ጊዜ «አባዬ፣ እየጠበቁን ነው» ብሎኝ ነበር።

ስንመለስ ሦስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። የውሃው መንገድ መውጫ ላይ ጀልባዋ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። በእንጨት ብንገፋም አልነቃነቅ አለች። ናሆዛው አልተቆጡም፤ ሸራውን አወረዱና ከሰል አያይዘው ሻይ ጣዱ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዙህርን እዚያው ጀልባዋ ላይ ቆመን ሰገድን። እኛ ሙሳፊር ብንሆንም ያሰገዱን እሳቸው ስለሆኑ አራቱን ረከዓ ሞላን። ከዚያ ወሬ መጣ፤ እንግሊዝኛ የሚችለው ልጃቸው ያስተረጉማል። «አዲሱ ወደብ የተሠራው ለእናንተ አገር ዕቃ ነው ይሉናል። መርከባችሁ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። የወደቡ ሥራ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በቦታው ነበሩ፤ የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያም በ2021 ተመረቀ። የዓሣ ማስገሪያቸው የተነካባቸው የላሙ አሣ አጥማጆች ተካሰው በ2018 ፍርድ ቤት 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈላቸው ወስኖላቸዋል። ስለ መርከቡ ግን የምመልሰው አልነበረኝም።

ልጁ ወደቡ ላይ ሥራ ቢያገኝ ይሄዳል። ይህንን አባቱ ፊት ነው የተናገረው፤ እሳቸውም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አስተረጎሙት እንጂ አልተከራከሩትም። ብቻ «ወደብ ላይ ሆኖ ረጀብ ስንት እንደሆነ ማን ይጠይቀዋል?» አሉ።

ዐስርም እዚያው ደረሰ። ከዚያ ውሃው ቀስ ብሎ በማንግሮቩ ሥር መመለስ ጀመረ፤ ጀልባዋም አንድ ጊዜ ሰበቅ አለችና ተንሳፈፈች። ሸራው ሲወጣ ነፋሱ ከኋላችን ስለሆነ መታጠፍ አላስፈለገንም። የላሙ መብራት ሲታይ መግሪብ ገብቷል።

«ነገ 20 ነው፣ ውሃው ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ይሞላል» አልኩት ልጄን፣ እንዳወቀ ሰው።

«አባዬ፣ መግሪብ ገብቷል እኮ፤ 20 አሁን ነው» አለኝ።