«ካርድዎ አልተገኘም» ሲባሉ



«ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» ብዬ ስጠይቅ አዘውትሬ የምሰማው መልስ «ነጯን ክኒን» የሚል ነው። ነጭ ክኒን እኮ ስንት አለ! የግፊቱም፣ የስኳሩም፣ የራስ ምታቱም ብዙ ጊዜ ነጭ ነው። ካርድ ክፍል «አልተገኘም» ካለ ደግሞ ሐኪሙም ታካሚውም ከዜሮ ይጀምራሉ።

ይሄ ጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም። ምሳሌ ልስጣችሁ። የኩላሊት ምርመራ ተሠርቶ ክሬቲኒን 2.4 መጣ እንበል። ቁጥሩ ከፍተኛ ነው፤ ግን ለብቻው ግማሽ ታሪክ ነው። ከሦስት ወር በፊት 0.9 ከነበረ ኩላሊቱ የተጎዳው በቅርቡ ነው፤ በተቅማጥና ትውከት የመጣ የፈሳሽ እጥረት፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ወይም የሽንት መዘጋት ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይድናል። ለሁለት ዓመት 2.3፣ 2.4 እያለ የቆየ ከሆነ ግን ሥር የሰደደ ሕመም ነው፤ አካሄዱም ሌላ ነው። ልዩነቱን ቶሎ የሚነግረኝ የድሮው ውጤት ነው። እሱ ከሌለ ተጨማሪ ምርመራ፣ አንዳንዴም አልጋ መያዝ ግድ ይላል።

የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የትናንቱን ከዛሬው ጎን ያስቀምጣል። በደንብ የተሠራው ደግሞ ያስጠነቅቃል። የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል ሲታዘዝ «ደም ሊያፈስ ይችላል» ብሎ ያስቆማል። በተጨናነቀ ተረኛ ክፍል ይቺ ማስጠንቀቂያ ሕይወት ናት።

ኮምፒውተር ሁሉን ይፈታል እያልኩ ግን አይደለም። ለጥቃቅኑም ለትልቁም የሚጮህ ከሆነ ሐኪሙ ሳያነብ መዝጋት ይለምዳል። መብራት ይጠፋል። ስክሪኑን እያየ ታካሚውን የሚረሳም አለ (እናንተም ሳታዩ አትቀሩም)።

አገራችን ውስጥ ጥሩ ጅምሮች አሉ። ጤና ተቋማት ሪፖርታቸውን ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው ሥርዓት ይልካሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የቤተሰብ መረጃ በታብሌት መመዝገብ ጀምረዋል። ነገር ግን ስንት ሰው በወባ እንደታመመ መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ የእናንተ እናት ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ማወቅ ሌላ ነው። ኮምፒውተር ያላቸው ሁለት ሆስፒታሎችም ብዙ ጊዜ መረጃ አይለዋወጡም።

እስከዚያው ስልካችሁን ተጠቀሙበት። የላብራቶሪ ውጤት፣ ከሆስፒታል ስትወጡ የሚሰጣችሁን ማጠቃለያ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ፎቶ አንሱ። የማይስማማችሁ መድኃኒት ካለ ስሙን ጻፉ። ለወላጆቻችሁም እናንተው አድርጉላቸው፤ ስማርት ስልክ ከሌላቸው ወረቀቶቹን በአንድ ክላሰር አስቀምጡላቸው፣ መድኃኒቶቹንም ከነማሸጊያቸው ይዘው ይምጡ።

ስልኩ ቁልፍ ይኑረው። ውጤታችሁን ኮሜንት ላይ አትለጥፉልኝ፤ ሺህ ሰው ያየዋል። ፎቶ ስታነሱ ደግሞ የወረቀቱን አናት አትቁረጡት፦ ስሙ፣ ቀኑና የቁጥሩ መለኪያ መታየት አለባቸው። ቀን የሌለው ክሬቲኒን ለእኔ ብዙም አይጠቅመኝም።