በእግር ቁጥር ብቻ ስለ መለየት፤ አንዲት ሸረሪትና አንድ ቢራቢሮ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ደንብ አጭር ነው፤ ስምንት እግር ያለው ሸረሪት፥ ስድስት እግር ያለው ነፍሳት ይባላል። ደንቡ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በአገራችን ከሚገኙት መካከል ትሪኮኔፊላ ሴኔጋሌንሲስ የተባለችውን ባለወርቃማ ድር ሸረሪትና ዳናውስ ክሪሲፑስ የተባለውን ብርቱካንማ ቢራቢሮ የመረመረ ተማሪ ቁጥሩ አልገጥም ይለዋል።

ቢራቢሮው አበባ ላይ ሲያርፍ የሚቆመው በአራት እግር ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ እጅግ አጥረው ከደረቱ ተጠግተዋል፤ ለመራመድም አያገለግሉም። ገና ትል ሳለ ደግሞ ከስድስቱ እውነተኛ እግሮች ሌላ በሆዱ ሥር ዐሥር ሥጋማ እግሮች ስላሉት 16 ይቆጠርለታል። ሸረሪቷም በበኩሏ ከእግሮችዋ ፊት እግር የሚመስሉ ሁለት መዳሰሻዎች ስላሏት ላልለመደ ሰው ዐሥር እግር ያላት ትመስላለች። በወንዱ ላይ እነዚሁ መዳሰሻዎች ዘር ማስተላለፊያ ናቸው። (ወንዱ ከሴቲቱ እጅግ ስለሚያንስ ብዙ ሰው የሌላ ሸረሪት ግልገል ነው ብሎ ያልፈዋል።)

ስለዚህ ሌላውን አካል መመልከት ይሻላል። ቢራቢሮው ራሱ፥ ደረቱና ሆዱ የተለያዩ ናቸው፤ አንቴናና አራት ክንፍም አለው። የሸረሪቷ ራስና ደረት ግን አንድ ወጥ ነው፤ አንቴናም ክንፍም የላትም።

ከሁሉ ይልቅ ለእኔ የሚያስደንቀው ክሩ ነው። ሁለቱም ሐር ያወጣሉ። ሸረሪቷ ከሆድዋ ጫፍ እያወጣች ዕድሜዋን ሙሉ ትፈትላለች። የቢራቢሮው ትል ግን ሐሩን የሚያወጣው ከታችኛው ከንፈሩ ነው፤ ወደ ቢራቢሮነት የሚለወጥበት ጊዜ ሲደርስም በዚሁ ሐር ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሥራው ይመሳሰላል እንጂ አካሉ አንድ አይደለም።

መርዛቸውም እንዲሁ ነው። ሸረሪቷ መርዝዋን ራስዋ ታዘጋጃለች፤ በመንጋጋዋም ወደ ታዳኙ ታስገባለች። ቢራቢሮው ግን የተበደረ ነው፤ ትሉ ጦቢያው የሚባለውን ወተታም ቁጥቋጦና የመሳሰሉትን ሲበላ የቅጠሉ መርዝ በአካሉ ሊቀር ይችላል፤ የቀመሰውም ወፍ ይተፋዋል።

በዕድገትም ቢሆን ከእንቁላል የወጣች ሸረሪት ያው ትንሽ ሸረሪት ናት፤ ቆዳዋን እየጣለች ትልቃለች እንጂ እንደ ቢራቢሮው መልክዋን አትለውጥም።

ለስብስብ የሚይዛቸው ተማሪ ቢራቢሮውን አድርቆ በመርፌ ሊሰካው ይችላል። የሸረሪቷ ሆድ ግን ሲደርቅ ስለሚጨማደድ በ70 በመቶ አልኮል ውስጥ ትቀመጥ።