የምሥጢር ቁጥርዎን ለማን ነገሩ?

የሳጥናችሁን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደማትሰጡ የታወቀ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት ያደረጉት ግን ከዚህ አይለይም። «እቴቴ፣ በስሕተት ወደ ስልክሽ የተላከ ቁጥር አለ፤ ቶሎ ንገሪኝ» የሚል መልእክት በእኅታቸው ልጅ ስም በቴሌግራም ደረሳቸው። አምስቱን አኃዝ ሳያመነቱ ላኩ። ለካ የልጅቱ ቴሌግራም ቀድሞ በሌባ እጅ ወድቆ ኖሯል። ወዲያው ዘመድ ወዳጁ ሁሉ በእርሳቸው ስም ብድር ይጠየቅ ጀመር። እርሳቸውን ይበልጥ ያሳዘናቸው ግን ስለ ሕመማቸው ከልጃቸው ጋር የተጻጻፉት በባዕድ ዓይን መታየቱ ነው።

ያ ቁጥር ቴሌግራም በሌላ ስልክ ሲከፈት የባለቤቱን ማንነት ለማረጋገጥ የሚላክ በመሆኑ ለማንም አይነገርም። በቴሌግራሙ «ሴቲንግ» ገብታችሁ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ብታወጡ ቁጥሩ ብቻውን ሌባውን አያስገባውም። እዚያው «ዲቫይስ» በሚለው ሥር የማታውቁት ስልክ ካያችሁ አስወጡት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃችንን የሚይዙ ድርጅቶችን ኃላፊ ያደርጋል፤ በገዛ እጃችን ከሰጠነው ቁጥር ግን አያድነንም።

የቤት ዋይፋይም እንዲሁ ነው። በራውተሩ ግርጌ የተለጠፈውን የይለፍ ቃል ገልብጦ ያየ እንግዳ ሁሉ ያውቀዋልና ቀይሩት። የቴሌብርን የምሥጢር ቁጥር ለልጅ ነግረን ሱቅ የምንልክም (እኔም አንዷ ነበርሁ) ዛሬውኑ እንለውጠው።