ሰልባትዮም ትንፋሽ ይፈልጋል

የነፋስ ስልክ ሰፈር ስሙ ራሱ ትምህርት አለው። በቀድሞ አነጋገር ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን በአየር የሚያመላልስ ስልክ ማለት ነው። እኔም በዓይን የማይታየው አየር ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ የተማርኩት በዚሁ ሰፈር፥ በሳሪስ አካባቢ፥ በአንድ ሽማግሌ መካኒክ ደጃፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባቴ የወረስኳት አንዲት ቮልስ አለችኝ። ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር፥ በፑዌብላ ፋብሪካ የመጨረሻዋ ስትወጣ፥ የተሠሩት ሁሉ ቁጥራቸው ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ፥ ደመወዙ ለአዲስ መኪና የማይበቃ ወጣት ያለችውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ከመያዝ በቀር ብዙ ምርጫ የለውም።

አንድ ቅዳሜ ቤንዚን አስሞልቼ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ወደ አዳማ ወረድኩ። ሞጆን እንዳለፍን መኪናዋ ታስል ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታም ቀጥ አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል አርፋ ብትነሣም ብዙ ሳትሄድ እንደገና ቆመች። በማግስቱ እንዲህ እየወደቅን እየተነሣን ከቤታችን ገባን።

ሰኞ ስሙን ወደማልጠቅሰው ጋራዥ ወሰድኳት። የቤንዚኑ ፖምፓ ተለወጠ፤ ካርቡራተሩ ታጠበ፤ ካንዴላዎቹ ተቀየሩ። የወር ደመወዜ አለቀ፤ ሕመሟ ግን አልለቀቃትም። በመጨረሻ አንድ ሰው የቤንዚኑን ክዳን በምስማር በሳልኝ። እውነት ነው፥ መኪናዋ መቆሟን ተወች። ዳሩ ግን በሳምንቱ ልጄ ራሱን አሞት በመኪናው ውስጥ አስታወከ፤ ልብሳችንም ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ጀመር። በቮልስ ሞተሩ ከኋላ ሲሆን፥ ሰልባትዮ የምንለው የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ያለው ከፊት፥ በኮፈኑ ሥር፥ ከተሳፋሪው እግር ፊት ለፊት ነው። ከተበሳው ክዳን የሚወጣው ጋዝ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣ ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌውን መካኒክ ያገኘሁት በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው። የተበሳውን ክዳን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ደኅና ክዳን ገጠሙ። ከዚያም አጠገቤ ተቀምጠው ወደ ቃሊቲ፥ ከቃሊቲም አልፈን ነዳን። መኪናዋ ማሳል ስትጀምር ከመንገድ ዳር አስቆሙኝና ክዳኑን ቀስ ብለው አላሉት። ትንፋሹን ውጦ እንደ ቆየ ሰው «እፍፍ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሞተሩም ወዲያው ደኅና ሆነ።

«አየህ ልጄ፥» አሉኝ፤ «ፖምፓህም ካርቡራተርህም ጤነኞች ነበሩ። የታፈነው ሰልባትዮው ነው።»

«ጋሼ፥ ሰልባትዮ ደግሞ እንዴት ይታፈናል?»

«ከጠርሙስ ውሃ ስትጠጣ አፍህን ግጥም አድርገህ አየር ብትከለክለው ውሃው ይወርድልሃል?»

ምሥጢሩ ይኸው ነው። ከሰልባትዮው አንድ ሊትር ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አንድ ሊትር አየር መግባት አለበት። አየር ካልገባ በውስጡ ባዶነት ይፈጠርና ፖምፓው ቢስብ ቢስብ ቤንዚኑ አልመጣም ይላል። መኪናዋ ቆማ ስታርፍ ጥቂት አየር በስንጥቅ ሾልኮ ስለሚገባ እንደገና ትነሣለች። ይህን ሳያውቁ ብዙ ሰዎች ያልታመመውን ፖምፓ ይለውጣሉ።

የአገራችን ዳገትና ቁልቁለትም ለዚህ ሕመም ይረዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፥ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ወደ አዳማ ሲወረድ የውጭው ግፊት ይጨምራል። ሰልባትዮው ፈጽሞ የተደፈነ ቢሆን፥ ይህ ልዩነት ብቻውን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 700 ኪሎ ያህል ይጫነዋል። ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና የታፈነው ጋዝ ቤንዚኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ 40 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይፋፋል። ስለዚህ ሰልባትዮን እስከ አፉ መሙላት አይገባም።

በእኔ መኪና የትንፋሹ መንገድ ከመሙያው አንገት አጠገብ የምትነሣ ቀጭን ቱቦ ነበረች። ሽማግሌው ነቅለው ቢያዩዋት አንዲት ተርብ የጭቃ ቤቷን ሠርታባት ኖሯል! ቱቦዋን ጥለው ቤንዚን የማያበላሸው አዲስ ጎማ ቱቦ አስገቡ። ቤንዚኑ በኩርባ ላይ እንዳይፈስ መጀመሪያ ወደ ላይ አጠፉት፤ ጫፉንም ከጭስ ማውጫው አርቀው ወደ መኪናው ሥር አወረዱት። ዋጋው ለፖምፓው ከከፈልኩት ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

በአንዳንዱ ሞዴል ትንፋሹ የሚገባው በክዳኑ ውስጥ ስለ ሆነ አስቀድሞ ክዳኑን መመርመር ነው። ይሁንና ጥንቃቄ አይለይ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያህል በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ጋዝ ይሰጣል። ጋዙም ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ስለዚህ ሲጋራ፥ ብየዳና ምድጃ ከአጠገቡ ይራቁ። ቤንዚኑ የተቀዳለት ሰልባትዮም የቀረው ጋዝ ስለሚፈነዳ ከሙሉው የበለጠ ያስፈራል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በቮልስ ወለል ላይ የተሠራችው ካርማን ጊያም ሆነች ስመ ጥሩዋ ፖርሽ 356፥ ሰልባትዮአቸው ከፊት ነው፤ በውጭ አገር እነዚህን የጥንት የስፖርት መኪናዎች የሚንከባከቡ ሰዎችም ስለ ቤንዚን ሽታና ስለ ተደፈነ ቱቦ ይጨነቃሉ። በካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ. 1970 ጀምሮ በተሠሩት አዳዲስ መኪናዎች ላይ ጋዙ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሕግ ስለ ከለከለ፥ በከሰል በተሞላ ዕቃ ውስጥ ተይዞ ኋላ ሞተሩ እንዲያቃጥለው ተደረገ። አሮጌዎቹ ግን የባለቤታቸውን ዓይን ይሻሉ።

ተማሪም ሆንክ በቢሮ የተቀመጥክ ወጣት ሹም፥ ከዚህ ታሪክ የምትወስደው አይጠፋም። ጉዳይ ሲቆም ሠራተኛውን ለመለወጥ ከመቸኮል በፊት የታፈነው የት ላይ እንደ ሆነ መመርመር ይሻላል። እኔ የወር ደመወዜን ያጣሁት፥ ልጄንም ለመርዝ ጋዝ የዳረግሁት «ለምን ቆመች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳልፈልግ «ምን ይለወጥ?» እያልኩ በመዞሬ ነው። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው የአባቶች ቃል ለመኪናም ይሠራል።

ባለፈው እሑድ እንደገና ወደ አዳማ ወረድን። ሞጆን ስናልፍ ሁላችንም ጆሯችንን አቀናን፤ መኪናዋ ግን አላሳለችም። ልጄም ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ነበር።