የጋራ ማጠቢያ ማሽን፦ ንጽሕናው የሚጠበቀው በምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሌራ የእንግሊዟን የወደብ ከተማ ሊቨርፑልን አጠቃ። ኪቲ ዊልኪንሰን የምትባል ከአየርላንድ የፈለሰች ሠራተኛ ሴት በዚያ ድሃ ሰፈር የውኃ ማፍያ ከነበራቸው ጥቂቶች አንዷ ነበረች፤ ቤቷንም ለጎረቤቶቿ ከፈተችላቸው። የታመመ ሰው የተኛበትን አንሶላና የለበሰውን ልብስ እያመጡ በፈላ ውኃና በክሎሪን ኖራ አጠቡ። ክሎሪን ኖራ የዛሬው በረኪና የቅርብ ዘመድ የሆነ ኬሚካል ነው። ኮሌራ በተበከለ ውኃ እንደሚተላለፍ ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና ባልተስማሙበት ዘመን፣ ይህች ሴት ሙቀትንና ክሎሪንን አጣምራ ሠራችበት።

ከአሥር ዓመት በኋላ በ1842 በዚያችው ከተማ፣ በፍሬድሪክ ጎዳና፣ የሕዝብ ገላ መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ ቤት ተከፈተ። በ1846 ደግሞ የብሪታንያ ፓርላማ ከተሞች እንዲህ ያሉ ቤቶችን እንዲያቋቁሙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በእንግሊዝ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ቤት የተስፋፋው እንግዲህ በሽታን ለመከላከል ነው። ዛሬ ጥያቄው ተገልብጧል፦ ከእኔ በፊት በዚህ ማሽን ማን ምን አጠበበት? በሽታው ወደ ልጄ ልብስ አይተላለፍም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ማሽኑን ከውስጥም ከውጭም ማወቅ ያስፈልጋል።

ከአራት ማሽን የተነሣ ንግድ

በአሜሪካ ደንበኛው ራሱ የሚያጥብበት የመጀመሪያው ቤት ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰው በ1934 በቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ ከተማ የተከፈተው ነው። የነበሩት አራት የኤሌክትሪክ ማጠቢያዎች ሲሆኑ፣ ሰው በሰዓት እየተከራየ ያጥብባቸው ነበር። በኋላ ሳንቲም የሚበሉ አውቶማቲክ ማሽኖች መጡ፤ አሁን ደግሞ ካርድና ስልክ ሳንቲሙን እየተኩት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አፓርታማ የተከራየ ኢትዮጵያዊ ይህን ሕይወት በደንብ ያውቀዋል፦ ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫት ተሸክሞ ወደ ቤዝመንት መውረድ፣ ባዶ ማሽን መፈለግ፣ ቀድሞ የገባው ሰው እስኪጨርስ መጠበቅ።

ቆሻሻው የሚደበቅበት

በፊት ለፊቱ የሚከፈት ማሽን ሁለት በርሜል አለው። እኛ የምናየው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ከበሮ በሌላ በማናየው በርሜል ውስጥ ይሽከረከራል። ከበሮው ቢያብረቀርቅም ከጀርባው ያለው የበርሜሉ ግድግዳ የሳሙና ዝቃጭ፣ የሰውነት ቅባትና የጨርቅ ብናኝ ሊይዝ ይችላል። ባክቴሪያዎች በዚህ ላይ ተጣብቀው ዝልግልግ ሽፋን ይሠራሉ። ሽፋኑ ይከልላቸዋልና ቀዝቃዛ ውኃና ጥቂት ሳሙና አይነቅላቸውም።

ዋናዎቹ መደበቂያዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የበሩ ላስቲክ ነው፤ በእጥፋቱ ውስጥ ውኃ፣ ፀጉርና ብናኝ ይቀራል። ሁለተኛው የሳሙና መሳቢያው ነው፤ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ሻጋታ ይወደዋል። ከላይ የሚከፈተው ማሽን ይህ ላስቲክ ስለሌለው ከዚህኛው ችግር ነጻ ነው፤ የማይታየው በርሜል ግን እሱም ጋ አለ።

የሳሙና ብዛትም ያቆሽሻል። ብዙ ባፈሰሱ ቁጥር ልብሱ የበለጠ የሚጠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ታጥቦ ያልወጣው ሳሙና ግን በልብሱና በማሽኑ ላይ ይቀርና ለሽፋኑ መሠረት ይሆናል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን ይበቃል።

ከጀርመን የመጣ ማስጠንቀቂያ

ማሽን በእርግጥ ጀርም ሊያስተላልፍ እንደሚችል ካሳዩ ጉዳዮች አንዱ ከአንድ የጀርመን ሆስፒታል የመጣ ነው። በ2012 እና በ2013 በአራስ ሕፃናት ክፍል በተደረገ መደበኛ ምርመራ፣ ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም ክሌብሲየላ ኦክሲቶካ የተባለ ባክቴሪያ በ13 ጨቅላዎችና በአንድ ልጅ ላይ ደጋግሞ ተገኘ። ምንጩ ሲፈለግ ቆይቶ የሕፃናቱ ቆብና ካልሲ የሚታጠብበት ተራ የቤት ማሽን ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያው በሳሙና መሳቢያውና በበሩ ላስቲክ ውስጥ ሠፍሮ ነበር። በ2019 ጥናቱን ያሳተሙት የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ብክለቱ የደረሰው ከእጥበቱ በኋላ፣ ልብሱ ባልሞቀና ሳሙና በሌለው ውኃ ለመጨረሻ ጊዜ ሲለቀለቅ ነው። ማሽኑ ከክፍሉ ሲወጣ ሥርጭቱ ቆመ፤ ባክቴሪያው ከሰውነታቸው ላይ ቢገኝም ለከባድ ኢንፌክሽን የተዳረገ ሕፃን አልነበረም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ላስቲኩና መሳቢያው ሊጠረጉ የሚገባቸው ቦታዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ማሽኑ የጋራ መሆኑ ብቻውን ችግር አይደለም። በግል ቤት ያለ፣ በሳምንት አንዴ በቀዝቃዛ ውኃ የሚሠራና በሩ ተዘግቶ የሚከርም ማሽን፣ ቀኑን ሙሉ በሙቅ ውኃ ከሚሠራው የሕዝብ ማሽን የባሰ ሻጋታ ሊያፈራ ይችላል። ለጤነኛ ሰው ከጋራ ማሽን የሚመጣው ሥጋት አነስተኛ ነው። ጥንቃቄው በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት፣ ክፍት ቁስል ላለባቸውና የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ነው።

አራቱ ጉልበቶች

በጀርመኑ ሄንክል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ኸርበርት ሲነር በ1959 የማጠብን ሥራ በአራት ነገሮች ጠቅልሎ አስቀመጠው፦ ሙቀት፣ ኬሚካል፣ እንቅስቃሴና ጊዜ። አንዱ ከተቀነሰ ሌሎቹ መጨመር አለባቸው። ይህ ቀላል ሕግ የጋራ ማሽንን ለመመዘን ይረዳል።

የሕዝብ ማጠቢያ ቤት ወረፋ ስላለበት ጊዜን ያሳጥራል። ሙቀቱን የሚወስነው የሕንጻው ውኃ ማሞቂያ ነው፤ በማሽኑ ላይ «ሆት» ተብሎ የተጻፈው ቁልፍ በብዙ ቦታ ከማሞቂያው የመጣውን ውኃ ከመቀበል የተለየ ሥራ የለውም። ከበሮውን ከልክ በላይ የሚሞላ ሰው ደግሞ እንቅስቃሴን ያሳጣዋል፤ ልብሱ ተገላብጦ ካልወደቀ አይታጠብምና። ሙሉ በሙሉ በተጠቃሚው እጅ ያለው ኬሚካሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ። ብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ውስጥ ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚባል ኦክስጅን የሚለቅ ማንጫ አለ፤ ጀርሞችንም ያዳክማል። በፈሳሽ ሳሙናዎች ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ለፎጣ፣ ለአንሶላና ለውስጥ ልብስ ዱቄቱ ይመረጣል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እነዚህ ልብሶች በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ወይም ማንጫ ባለው ሳሙና በ40 ዲግሪ እንዲታጠቡ ይመክራል።

የበረኪና ጉልበት ደግሞ በቁጥር ተለክቷል። በ2007 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ ቻርልስ ገርባና የሥራ ባልደረባው፣ ሄፓታይተስ ኤ፣ ሮታ እና አዴኖ ቫይረሶችን በጥጥ ቁራጭ ላይ አድርገው ከሌላ ልብስ ጋር አጠቡ። ሳሙና ብቻ ቫይረሶቹን ከ92 እስከ 99 በመቶ ቀነሰ። ይህ ብዙ ቢመስልም ለእንዲህ ዓይነት ቫይረስ በቂ አይደለም፤ ከተበከለው ጨርቅም ወደ ንጹሑ በቀላሉ ተላልፏል። በረኪና ተጨምሮበት በማድረቂያ ሲያልፍ ግን ቅነሳው ቢያንስ 99.99 በመቶ ደረሰ። ቤት ውስጥ ትውከትና ተቅማጥ ሲኖር ነጩን ልብስ በረኪና ጨምሮ ማጠብ እንግዲህ ከንቱ ልማድ አይደለም። በረኪና ግን ከአቼቶም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል።

ማድረቂያው፣ ያልተመሰገነው ባለውለታ

ብዙ ሰው ማሽኑን ሲጠራጠር ማድረቂያውን ይረሳል። በዚያው የ2007 ጥናት ቫይረስን በመቀነስ በኩል ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው ሁለቱ ነገሮች በረኪናና ማድረቂያ ናቸው። ተባይንም የሚገድለው በዋናነት ሙቀቱ ነው። የእከክ ነፍሳትና እንቁላላቸው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ውስጥ 10 ደቂቃ ከቆዩ ይሞታሉ። ለቅማል የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ቢያንስ 54 ዲግሪ የሆነ ሙቅ ውኃና ኃይለኛ የማድረቂያ ሙቀት ያዛል። ትኋን በቅርጫትና በወንበር ተጣብቆ የሚጓዝ ተባይ ነው፤ ደርቆ የገባ ልብስ በከፍተኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲዞር ከእንቁላሉ ጋር ያልቃል።

ያልደረቀ ልብስ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት፣ ታጥቦ እርጥብ የቆየ ልብስ የሚያመጣውን ሽታ በዋናነት የሚፈጥረው ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህ በተለይ የእኛን ጋቢ ይመለከታል። ጋቢ ድርብርብ ጥጥ ስለሆነ ከላይ የደረቀ መስሎ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በመሃል ከማድረቂያው አውጥቶ አገላብጦ እንደገና ማስገባት ይበጃል። በረኪና ደግሞ ጥለቱን ያጠፋዋልና፣ ለጋቢም ለነጠላም ኦክስጅን ያለው ዱቄት በጥቂቱ ይሻላል፤ ጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ አስቀድሞ በጠርዙ መሞከርም ይገባል።

ከመጫን እስከ ማጠፍ

ልብስ ከማስገባት በፊት በሩን ከፍቶ ማሽተትና ላስቲኩን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። የሻጋታ ሽታ ካለ ሌላ ማሽን መምረጥ፣ ለሠራተኛውም መንገር ነው። ምርጫ ከሌለ ላስቲኩንና መሳቢያውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ከተቻለም ባዶውን በሙቅ ውኃና በበረኪና አንድ ዙር ማስኬድ ይቻላል።

የቆሸሸውን የያዘ ከረጢት ንጹሑን መልሶ መያዝ የለበትም። የጋራው ጋሪና ማጠፊያው ጠረጴዛ ራሳቸው አይታጠቡም፤ የሰው ሁሉ እጅና ልብስ ያረፈባቸው ናቸው። ጠረጴዛውን ጠርጎ ንጹሕ አንሶላ አንጥፎ ማጠፍ ቀላል መፍትሔ ነው። የቆሸሸውን ከጫኑ በኋላ፣ እርጥቡንም ወደ ማድረቂያ ካዛወሩ በኋላ እጅ መታጠብ አለበት። የታመመ ሰው ልብስ ሳይራገፍ፣ ከተቻለ በጓንት ይጫናል።

ለሚቀጥለው ሰው

በስዊድን በአፓርታማ ሕንጻዎች ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከቆየ የኑሮ ሥርዓት አንዱ ነው። ነዋሪው ተራውን አስቀድሞ ይይዛል፤ ሲጨርስ የማድረቂያውን የብናኝ ማጥለያ ያጸዳል፣ ማሽኑን ይወለውላል፣ ወለሉን ይጠርጋል። ይህን ያላደረገ ጎረቤት ማስታወሻ ተለጥፎ ይጠብቀዋል። ሥርዓቱ የሚቆመው እያንዳንዱ ሰው ከእሱ በኋላ የሚመጣ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

ሁላችንም ከእኛ በፊት የነበረውን ሰው እንጠረጥራለን፤ ለሚቀጥለው ሰው ግን ያ የሚጠረጠረው ሰው እኛው ነን። በሽታ ያለበትን ልብስ ያለ ሙቀትና ያለ ማንጫ አጥቦ የሚሄድ፣ የሳሙናውን ዝቃጭ በመሳቢያው ትቶ በሩን የሚዘጋ፣ ብናኙን በማጥለያው የሚተው ሁሉ የጎረቤቱን ጤና ይነካል። በማድረቂያው የተከማቸ ብናኝ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። የማጠቢያ ቤት ባለቤቶችም በየጊዜው ማሽኖቹን በሙቅ ውኃ ባዶ ማስኬድ፣ ላስቲክ መቀየርና ማሞቂያውን መፈተሽ ግዴታቸው ነው፤ ደንበኛውም ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

የጋራ ማሽን አይፈራም፤ ይጠበቃል እንጂ። ልብስዎን ሲያወጡ ላስቲኩን ይጥረጉ፣ መሳቢያውን ያጽዱ፣ ማጥለያውን ያራግፉ፣ በሩን ክፍት አድርገው ይሂዱ።