ሳይበቅል የሚነቀል ክራንቻ

ሕፃኑ ስድስት ሰባት ወር ሲሞላው ያስቀምጠዋል። ትኩሳቱ ይነሣል፤ ጡት አልይዝ ይላል። ጎረቤት መጥታ ድዱን በጣቷ ትዳስስና «ግግ ነው» ትላለች። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ግግ ወደምትቧጥጠው አዋቂ ቤት ይሆናል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው ሐሙሲትም ሆነ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ በሚወጣው ደጋ፣ ግግ ሲባል ያልሰማች እናት ማግኘት ይከብዳል።

ድዱ ላይ አበጥ ብሎ የሚታየው ክራንቻ ጥርስ ነው። የወተት ክራንቻ ብቅ የሚለው ከ16 እስከ 23 ወር ባለው ጊዜ ቢሆንም፣ ቀደም ብሎ ድዱን ከውስጥ ገፋ አድርጎት ይታያል። ምላጭ ወይም በእሳት የጋለ ሚስማር ድዱን ሲሰነጥቀው፣ ገና ያልጠነከረው ጥርስ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ትል ይመስላል። እናትየዋን በዓይኗ ያየችውን «ትል» ማን ያስክዳታል?

ተቅማጡን ያመጣው ግግ ነው የሚለውን እምነት ያጸናው የጊዜው መገጣጠም ነው። ተቅማጥ የሚበረታው ሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ በሚጀምርበትና እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ በሚከትበት ዕድሜ ነው፤ ምንጩም ያልተጣራ ውኃና ያልታጠበ እጅ ነው። አብዛኛው በጥቂት ቀናት በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናው ግን ለአዋቂዋ ይሆናል። ጉዳቱ ፈጥኖ ሲመጣ ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝና ቴታነስ ነው። ዘግይቶ የሚመጣው ደግሞ ከሥር የተቀመጠውን ቋሚ ክራንቻ ያገኘዋል፦ ሳይበቅል ይቀራል፣ ተጣሞ ይወጣል፣ ወይም ሽፋኑ ተበላሽቶ ይበቅላል። ቋሚው ክራንቻ የሚወጣው ከ9 እስከ 12 ዓመት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ያቺን ቀን የሚያነሣ የለም።

ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪምም ይነቅላል። መንቀል ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር በአሜሪካ በ1911 (እ.ኤ.አ.) በጥርስ አስተካካይ ሐኪሞቹ በኤድዋርድ አንግል ወገንና በካልቪን ኬዝ መካከል ጦፎ ነበር። ዛሬ ሐኪሙ ራጅ አይቶ፣ መንጋጋ ለክቶ፣ ቦታ ከጠበበ ብዙውን ጊዜ ከክራንቻ ጀርባ ያለውን ጥርስ ያወጣል፤ ክራንቻውን ግን ይሳሳለታል፤ ለጥርስ ረድፍ የማዕዘን ድንጋይ ነውና። ግጉ የተቧጠጠበት ልጅ ያ ድንጋይ ተናግቶበት ነው ሐኪሙ ዘንድ የሚቀርበው።

ልማዱ የኛ ብቻ አይደለም። ተመራማሪው ፒንድቦርግ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኡጋንዳው ጽፏል፤ ታንዛኒያ ውስጥ «የናይሎን ጥርስ» ይሉታል። እስራኤል ያሉ የጥርስ ሐኪሞችም ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች አፍ ውስጥ አግኝተውታል።

በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 561 እስከ 570 በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ላይ ቅጣት ደንግጓል። የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበርም ግግ ማስቧጠጥን ከእንጥል ማስቆረጥ ጋር ሲያወግዝ ኖሯል። ውግዘት ብቻውን ግን ልጇ ሌሊቱን ሲያስቀምጠው ላደረች እናት አይደርስላትም። የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል፦ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ማጠጣት፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ዚንክ መስጠት፣ ጡት አለማቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ጤና ጣቢያ ማድረስ።

ይህን ለመንገር በሽታው እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። እናቶች ለክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ጤና ኬላ ይመጣሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያኔውኑ የእናትየውን ጣት የክራንቻው ቦታ ላይ አሳርፋ «እዚህ ጋ ያብጣል፤ ጥርሱ ነው፣ አትንኪው» ልትላት ትችላለች። አያት አብራ ከመጣች ደግሞ ለአያትም።